የእትዬ ወገብ

መቀሱ አፉን እንደከፈተ አረንጓዴው ሐር ላይ ቆሞ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ለመቁረጥ ጎንበስ ባለችበት ነው ያ ሳቅ ከኋላዋ የመጣው።

«ቁጥሩን የምነግራት እኔ ነኝ» ይላሉ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እትዬ የሚላቸው የባሏ ታላቅ እህት፣ አብረዋቸው ለመጡት ሁለት ወዳጆቻቸው። «እኔ ባላርማት እስካሁን ጆንያ ነበር የምትሰፋው። ሰባ ብያታለሁ፣ ሰባ ነው።»

ሰባ የእትዬ ወገብ ነው። ማለት፣ ሲያገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ልጅ ወልደው አሳድገዋል፣ ሁለት ቤት ሠርተዋል፤ ወገባቸው ግን እሳቸው እንደሚሉት ንቅንቅ አላለም። በሜትር አያስለኩም፣ በቃላቸው ይናገራሉ። ልብስ ሰፊዋም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እሺ እትዬ» እያለች፣ በዓይኗ ገምታ፣ በግራም በቀኝም እየጨመረች ስትሰፋላቸው ኖራለች። ቀሚሱ ልክክ ሲልላቸው መስታወት ፊት ዞር ዞር ይሉና «ይኸው ሰባ» ይላሉ። ትንሽ ያዝ ካደረጋቸው ደግሞ በዘመድ አዝማድ ፊት «እጇ ገና ነው» ትባላለች። እሷም ዝም አይነቅዝም ብላ በሆዷ ይዛዋለች። ይሉኝታ እኮ ክፉ ነው፤ ሰውን በገዛ ሙያው ያሳፍረዋል።

ዛሬ የሚሰፋው ግን እትዬ በልጃቸው ሠርግ የሚለብሱት ቀሚስ ነው። ሐሩ መርፌ አንዴ ከወጋው ምልክቱ የማይጠፋ ዓይነት ነው፤ ተፈትቶ እንደገና አይሰፋም። በግምት ቆርጣ ቢበላሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስሟን ያነሳል። እምቢ ብትል ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያሰፋው እሷ ጋ ነው፤ እትዬ አኩርፈው ከወጡ ማንም ተመልሶ አይመጣም።

መቀሱን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ሳልለካዎ አልቆርጥም።»

ሳቁ ቆመ። «ቁጥሩን ነግሬሽ የለም እንዴ?»

«ነግረውኛል። እስቲ አንዴ ወደ ውስጥ ይግቡልኝ።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ያዘችላቸው። እዚያው ሰው ፊት መናገር ትችል ነበር፤ ቃሉም ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሷን ያንገበገባት እሱው አይደል፣ ሰው ፊት መዋረድ። ለሌላ አልተመኘችውም። እትዬ ግራ ገብቷቸው ገቡ።

«ወገብዎ ሰባ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ከመጀመሪያው ቀሚስ ጀምሮ አልነበረም። እኔ እየጨመርኩ ነው የሰፋሁት።»

«እና ዝም ትያለሽ?»

«እንዳይከፋዎ ብዬ ነዋ። እርስዎ ግን ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ ሥራዬን ያጣጥሉታል። እትዬ፣ እኔ በእጄ ነው የማድረው። ከዛሬ ጀምሮ ለክቼ እሰፋለሁ፤ ካልሆነም ሐሩን አጣጥፌ እሰጥዎታለሁ፣ አልቀየምዎትም።»

ወይ ጉድ፣ ተናገረችው። ጣሪያውም አልተደረመሰም። አሥራ አንድ ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳላት፤ ሐሩ ቢሄድም ባይሄድም ደስ አላት።

እትዬ ሆዳቸውን እንደማያውቁት ጎረቤት ቁልቁል አዩት። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሜትሩን ለማዞር ጠጋ ስትል ጉንጯ ትከሻቸውን ነካው። እትዬ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ይተንፍሱ» አለች።

ተነፈሱ። ሜትሩን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሱ ብላ ደነገጠች፤ ለካ ሳቅ ነው። አፋቸውን አፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሷም አልቻለችም፣ አብራ ሳቀች።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ወዳጆቻቸው ከውጭ።

እትዬ ሜትሩ ወገባቸው ላይ እንደተጠመጠመ መጋረጃውን ገለጡት።

«ዘጠና አራት» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይህን ሁሉ ዓመት እያወቀች፣ አንድ ቀን ሰው ፊት አላሳጣችኝም።»

አንደኛዋ ወዳጃቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ሌላዋ ግን ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ካፖርታቸውን ማውለቅ ጀምረዋል።