ከወንዝ ማዶ የተገኘው ውሻ

የእንስሳት ሐኪሟ ልጇን ከቀበረች ወዲህ አላለቀሰችም። ሰዉ መጀመሪያ «ጠንካራ ናት» አለ፤ ቆየት ብሎ «ምነው እንዲህ ደረቀች?» ማለት ጀመረ፤ በመጨረሻ ሁሉም ወደየኑሮው ሲመለስ ተዋት። እሷም ጠዋት ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፤ ጨው ይብዛበት ይነስበት ልብ አትልም። ባሏ ግድግዳ ለሳኝ ነው። ማታ ሲሚንቶ የጠጣ ልብሱን በረንዳ ላይ አውልቆ ይገባና ፊት ለፊቷ ይቀመጣል።

«እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና።»

ወሬያቸው በዚህ ያልቃል።

ልጅቱን የወሰዳት ሆድ እያሳበጠ ሥጋ የሚጨርስ ትኩሳት ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ የወባ ክኒን ዋጠች። ቀጥሎ ታይፎይድ ነው ተባለ። ካላዛር መሆኑ የታወቀው አቅሟ ተሟጦ ካለቀ በኋላ ነው። ከእሷ በኋላ ሌሎች ልጆችም እየተከታተሉ ወደቁ። ጤና ቢሮው የበሽታውን ምንጭ እንዲያስስ ባለሙያ ሲያሰማራ፣ ምንጩ በየደጁ ተኝቶ ተገኘ፤ ውሻ። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ቀን በግድግዳ ስንጥቅ ተሸሽጋ ትውላለች፤ ሲመሽ የታመመ ውሻ ትነክስና በሽታውን ይዛ ሕፃን ላይ ታርፋለች። ስለዚህ የውሻ ሁሉ ደም እንዲመረመር፣ በሽታው የተገኘበት እንዲወገድ ተወሰነ።

የቢሮው ኃላፊ «አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ሌላ ሐኪም ላስመጣ?» ቢላት፣ «ለምን?» አለችው። ከልቧ ነበር የጠየቀችው።

ብዙም ሳይቆይ የሰፈር ሰው «የውሾች መልአከ ሞት» የሚል ስም አወጣላት። ሾፌሯ በር የሚሞላ ወፍራም ሰው ሲሆን ቅጽል ስሙ «ቀጮ» ነው፤ አፉ አያርፍም። «ዶክተር፣ ዛሬ እኮ አራት እግር ያለው ሁሉ ደንግጧል። ስወጣ የቤቴ ወንበር እንኳ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር» ይላታል። እሷ ቀልዱ እንደገባት ለማሳየት ያህል ከንፈሯን ገለጥ ታደርጋለች።

አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን አቅፈው ተቆጧት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልጆቹ ሲያልቁ የት ነበራችሁ?»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ» አለቻቸው። «እባክዎ አንገቱን ይያዙልኝ።»

ሥራው ወንዙን ተሻግሮ የባሏ እህት ሰፈር ደረሰ። ከለቅሶው ወዲህ ያን ቤት ረግጣው አታውቅም፤ ማንንም አልጠየቀችም። ቀጮ በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ የጥፍር ኮቴ ተሰማ። በሩ ገርበብ ከማለቱ አንድ ከሲታ ውሻ ተስፈንጥሮ ወጣና ጉልበቷ ላይ ተጠመጠመ። የዓይኑ ዙሪያ ተመልጧል፤ የጆሮው ጫፍ ቆስሏል፤ ጥፍሮቹ አድገው ቆልመም ብለዋል። ጅራቱ ግን ያው ነው።

ጓዴ ነበር፣ የልጇ ውሻ። ከቀብሩ በኋላ ባሏ «ጠፋ» ብሏት፣ እሷም «እሺ» ብላ ነበር።

የባሏ እህት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። «እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ። ‹ደጅ ተኝቶ ልጄን ሲጠብቃት ማየት አልቻልኩም፣ አንቺ ጋ ይሁን› ብሎ ወንድሜ እያለቀሰ ነው ያመጣው።»

«እያለቀሰ?» አለች ሐኪሟ። እሷ ፊት አልቅሶ አያውቅም።

መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ የውሻውን ደም ወሰደች። ጓዴ ለመርፌው እግሩን ሰጣት። መመርመሪያው ላይ ሁለት ቀይ መስመር፣ የበሽታው ምልክት፣ ወጣ፤ ቀጮ አይቶ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ምንም አልቀለደም።

«ልጅሽስ የት አለ? ትምህርት ቤት ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ኧረ ተኝቷል። ትንሽ ያተኩሰዋል። ወባ ነው ብለው ክኒን ሰጥተውታል።»

ሐኪሟ አልፋት ገባች። ልጁ ፍራሽ ላይ ተጋድሟል፤ አንገቱ ቀጥኗል። ሸሚዙን ገልጣ ከግራ ጎድኑ በታች ዳሰሰችው። ጣፊያው ጠጥሮ ወደ እምብርቱ ወርዷል። ይህን ጥጥርነት መዳፏ ያውቀዋል።

«ልብስ ደርቢለት። አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። ወባ ነው ቢሉሽ አትመለሺ፤ ‹ካላዛር መርምሩልኝ› ብለሽ ድርቅ በይ።»

እናትየው ክንዷን ያዘቻት። «ይሞትብኛል?»

«አይሞትም ብዬ አልምልልሽም። ግን ጊዜ አለን።»

ልጁን ራሷ ተሸክማ መኪና ውስጥ አስገባችው። ቀጮ ጡሩንባውን እየነፋ ከነፈ። እሷ ከውሻው ጋር ግቢው ውስጥ ቀረችና ለባሏ ደወለች።

ባሏ ኖራ የነካው እጁን ሳይታጠብ መጣ። ጓዴን እግሯ ሥር ሲያየው በሩ ላይ ቆመ።

«ለምን ጠፋ አልከኝ?»

«ወስጄ ልስጠው ብልሽም እሺ ልትይኝ ነው፤ ጠፋ ብልሽም እሺ። ያን እሺሽን ፈራሁት።»

«በሽታው አለበት። የእህትህም ልጅ ታሟል፤ ሆስፒታል ሄደዋል።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ ያመጣሁበት?»

«ዝንቧ እዚህም ሰፈር አለች። ከማን እንደያዘው ማንም አያውቅም።» እውነቷን ነው፤ ልታጽናናው ብላ አልነበረም።

«እሺ ሌላ ሰው ይውጋው።»

«ሌላ ሰው የለም።»

ተነስቶ ወደ ውሻው ሄደ። «በይ እኔ ልያዘው» አለ በመጨረሻ።

የጓዴን ራስ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ጆሮው ሥር አከከለት። እሷ መጀመሪያ የማደንዘዣውን፣ ቀጥሎ ሌላውን ወጋችው። አንድ ነገር ከውስጧ እስኪመጣ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። ባሏ ግን እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እንዲህ ሲሆን ሰው የሚያደርገውን ስለምታውቅ እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች፤ እስኪበቃውም አላነሳችውም።

የልጁ ሕመም ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠና እሱም ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጋ ሰነበተ። አንድ ጠዋት የባሏ እህት ደውላ ጆሮዋ ላይ ጮኸችባት። «ራበኝ አለ! ሰምተሽኛል? ራበኝ አለኮ!»

«ጥሩ ነው» አለች ሐኪሟ። ስልኩን ዘግታ የደም ብልቃጦቿን መደርደር ቀጠለች። ቀጮ ግን ሰምቶ ኖሮ መሪውን በመዳፉ እየደበደበ ዘፈነ።

ባሏ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ የእህቱን ቤት ስንጥቅ ሁሉ ይደፍን ጀመር። ዝንቧ መሸሸጊያ እንዳታገኝ ብሎ ከውስጥም ከውጭም ለሰነው፤ ቀጥሎ ወደ ጎረቤቶቹ ተሻገረ። በዕረፍት ቀኗ ሐኪሟም ሄደች። ማንም አልጠራትም። ያረጀ ቀሚስ ለብሳ ጭቃውን በባልዲ ታቀብለዋለች።

«ደከመሽ?» አላት ከመሰላሉ ላይ።

«እኔ እንጃ።»

«የሚሰማሽ ነገር የለም?»

አሰበች። «የለም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ከመስኮቱ በላይ በጣቷ አሳየችው። «እዚያ ጋ አንዲት ስንጥቅ አልፈሃል።»

መሰላሉን አስጠጋ፤ እሷም ባልዲውን ከፍ አድርጋ ያዘችለት።