የአገረ ገዥው ጥግ

«ማርዲስ! ተሳስተሻል፤ የእኛ ጥግ ይሄ ነው!» አለ ኤልደን ቆቡን እያውለበለበ። ሚስቱ ካፖርቷን ሰቅላ ስትመለስ የትምህርት ቤቱን የቅርጫት ኳስ ሜዳ አቋርጣ፣ ከአገረ ገዥው ደጋፊዎች መሐል ቆማለች።

«አልተሳሳትኩም» አለች ከማዶ።

ሰው ሳቀ። በእኛ በአዮዋ ገጠር ፓርቲው የፕሬዚዳንት እጩውን ሲመርጥ ምስጢር የለም፤ የወደድከው ሰው ጥግ ሄደህ ትቆማለህ፣ ጎረቤት ይቆጥርሃል። ኤልደን አሳማ ሲያረባ በኖረበት ሠላሳ ዓመት ሁሉ ማርዲስ ከጎኑ ስትቆም ኖራለች። ዛሬ ግን ከሎዌል ጎን ናት። የአገረ ገዥው ጥግ አስተባባሪ ሎዌል ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቱ ነው፤ በተማሪነት ዘመን ደግሞ ማርዲስን ጭፈራ ወስዷታል። ኤልደን ይህን የረሳው መስሎት ነበር።

ተቆጠረ። ኤልደን የቆመበት የሌላዋ እጩ፣ የሴናተሯ ጥግ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

«አሥራ ሁለት ያልሞላ ይበተናል» አለች ሰብሳቢዋ። «ሩብ ሰዓት አላችሁ፤ ወይ ሰው አምጡ፣ ወይ ሌላ ጥግ ግቡ፣ ወይ ቤታችሁ ግቡ።»

«ሚስትህን አምጣት እንጂ!» አሉት ጓደኞቹ። «አሳማው እንኳ ስትጠራው ይመጣልሃል!»

ሜዳውን አቋረጠ። ሎዌል ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር እየነገራት ማርዲስን ያስቃታል።

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ፤ ነይ።»

«ለሴናተሯ ነው ወይስ ለአንተ?»

«ለዚህ ሰውዬ ብለሽ ነዋ እዚህ የቆምሽው!»

«አገረ ገዥው የተዘጋውን የገጠሩን ማዋለጃ መልሼ አስከፍታለሁ ብሏል። ልጅህ ምጥ ይዟት ያን ሁሉ መንገድ በበረዶ መሄዷን ረሳኸው?»

«እሱን እንደምትመርጪ መቼ ነገርሽኝ?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ሎዌል እንኳ በር አንኳኩቶ ጠየቀኝ።»

«ቤቴ መጥቶ ነበር?»

«አንተ በረት ነበርክ» አለ ሎዌል ቶሎ ብሎ። «ኧረ ገብቼም አልተቀመጥኩ!»

ሰዓቱ አለቀ፤ የሴናተሯ ጥግ ተበተነ። ኤልደን ካፖርቱን ለብሶ በሩ ድረስ ሄደ። ዞር ሲል ሎዌል ወደ ማርዲስ ጠጋ ብሏል። ካፖርቱን አወለቀና ተመልሶ መጣ፤ በሁለቱ መካከል በትከሻው ሰንጥቆ ገብቶ ቆመ።

ማርዲስ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው።

«እሰይ፣ አርባ ሁለት ሆንን!» ብሎ ሎዌል ጻፈ። «ለመሆኑ የአገረ ገዥውን ምኑን ወደድክለት?»

«እሱን ገና አላየሁትም» አለ ኤልደን። «ለጊዜው የማየው አንተን ነው።»