ስሙን ይዞ የሄደ መንደር

ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው አሸብር አንድ የሚኮራበት ነገር አግኝቶ ነበር፤ የባርካሪ መንደርን ስም አመጣጥ። ጋምቤላ ሃያ ስድስት ዓመት የቦታ ስም ሲመዘግብ እንዲህ ያለ አልገጠመውም። ባሮ ወንዝ ላይ መርከብ በሚመላለስበት ዘመን ፓርከር የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ወንዙ ዳር መጋዘን ሠራና ቦታው «ፓርከርስ» ተባለ። አንዱ ጸሐፊ «ፓርከሪስ» አለው፤ ሌላው «ባርከሪስ»፤ የደርግ ዘመን ታይፒስት ጭራሹን «ባርካሪ» አድርጎት አረፈ። ነጋዴው አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ! ስሙ ግን የኑዌሮች መንደር መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከሦስት ዓመት በፊት ባሮ ሞልቶ መንደሩን ዋጠው። ሰዉ ስሙን ይዞ ወደ ከፍታው ወጣ። አሸብርም መዝገቡ ላይ ባርካሪን ወደ ከፍታው አዛወረ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ጭስ ለማይወጣበት ቦታ ስም አይሰጥም፤ ስለዚህ የድሮውን ቦታ «ነዋሪ የለም» ብሎ ፈረመበት። ሄዶ እንኳ አላየውም፤ ጭቃውን ፈርቶ።

ዛሬ የስሙን ታሪክ ለአዲሱ መንደር ሰዎች ሊያነብ መጣ። በቀበሌው ሊቀመንበር በታንግ እያስተረጎመ ሲያነብ፣ ሰዉ በፓርከር ሳቀ። አሮጊቷ ኛማል ብቻ አልሳቀችም።

«ልጄ ኛኪም ያለችበትስ?» አለችው። «እዚያ ታች። ስሙን ማን ብለህ ጻፍክ?»

«የት ነው ያለችው፣ እማማ?»

«እኛ የምንቀብረው ደጃችን ላይ ነው» አለ ታንግ። «ቤት ሲነሳ መቃብር አይነሳም። ትናንት የእርሻ ባለሀብት ትራክተር አስገባ። ሰው የለበትም የሚል ወረቀት አሳየን።»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ አሸብር የገዛ ፊርማውን ከሩቅ አወቀው። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ስንት ለቅሶ ደርሶ፣ ሰው የት እንደሚቀበር ጠፍቶት አልነበረም። ሲፈርም ግን ትዝ አላለውም። አፈረ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሦስቱም ወደ ወንዙ ወረዱ። ትራክተሩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ደጅ የለ፣ አጥር የለ፣ ከዳር እስከ ዳር የተገለበጠ ጥቁር አፈር ብቻ። ኛማል ጥቂት ሄደች፤ ቆመች፤ ተመለሰች፤ ሌላ ቦታ ሄዳ ቆመች። በመጨረሻ ወደ አሸብር ዞረች።

«አንተ መዝገብ አለህ» አለችው። «ደጄ የቱ ጋ ነበር?»

መዝገቡ ብብቱ ሥር ነበር፤ ስለዚህ ቦታ ያለበት ግን «ነዋሪ የለም» የሚል ብቻ ነው። አልገለጠውም።