ለዱባለ የተወረደ ሙሾ

«ምን ብዬ ላልቅስለት?» አሉ አልቃሿ እትዬ በላይነሽ፣ ደረታቸውን መምታት ገታ አድርገው። «ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ወንድምሽ ምን ነበር?»

በዳሱ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ ሟቹ እህት ዞረ። የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። ሰርኬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንዳቀረቀረች ቀረች። አልቃሽ የሟችን ሙያ ከቤተሰቡ ሰምታ ነው ሙሾ የምታወርደው፤ ያልነገሯትን ከየት ታመጣለች?

«እብድ ነው የነበረው፤ ሌላ ምን ይባላል?» አለች አንዷ ጎረቤት በሹክሹክታ።

«እኔ ላይ እንኳ ተፍቶብኛል» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ድሮ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም ነበር። አልተቀየምኩትም፤ የተፋው እሱ አይደለማ።»

እሱ ነበር። ከዚያ ከክፉው የካቲት በኋላ ጣልያን የተማረ ወጣት እያደነ ሲገድል፣ የእብዶች ሐኪም ቤት ጽዳት ሠራተኛው ገሜዳ መጥቶ «ዱባለን እብድ ነው ብለሽ አስገቢው፤ እዚያ ማንም መጥቶ አይፈልገውም» አላት። ሰርኬ የወንድሟን እጆች በገመድ አሰረች።

«ጠበቅ አድርጊው» አላት ዱባለ። «ላላ ካለ ያውቁብናል።»

እየሳቀ፣ እየተሳደበ፣ በኮልፌ መንገድ ሰው ሁሉ እያየው ጎተተችው። እትዬ በላይነሽ ላይ የተፋውም ሰው እንዲያምን ነው። በሳምንቱ በገሜዳ በኩል የላከው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «እትዬ በጣም ከፋቸው?» እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ኖሮ በተስቦ ሞተ። እንደሱ ደህና ሆነው እብድ የተባሉ አራት ልጆች ግን አሁንም እዚያው ግቢ ውስጥ አሉ።

አቶ ገብረወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዱባለን ፈረንሳይኛ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ለጣልያኖቹ ያስተረጉማሉ። ትናንት በቀብሩ ላይ ከልባቸው አልቅሰዋል።

«ከተማሪዎቼ ሁሉ ብልህ እሱ ነበር» አሉ። «እንደዚያ ያለ ልጅ በአንድ ቀን እንዴት ያብዳል? ሁልጊዜ ይገርመኛል።»

ሐዘን ይሁን ምርመራ ሰርኬ መለየት አልቻለችም። በዳሱ መግቢያ የቆመው ገሜዳ ዓይኑን ሰርኬ ላይ ተከለ።

«በአንድ ቀን አይደለም፣ ጋሼ» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። እኛ ነን የደበቅነው።» ወደ አልቃሿ ዞረች። «እብድ ነበር ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

እትዬ በላይነሽ ተነሡ።

«አእምሮህን ነስቶ ሥጋህን ያኖረ፣
ዛሬ ሥጋህንም ወስዶ ጨማመረ።»

ዳሱ በለቅሶ ተናጋ። ሰርኬም ከሴቶቹ ጋር ደረቷን መታች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሚያለቅሱለትን ልጅ የምታውቀው እሷ ብቻ የሆነች መሰላት።

ለቀስተኛው መበተን ሲጀምር አቶ ገብረወልድ አጠገቧ ቆሙ።

«ምስኪን፣ ተገላገለ» አሏት።

«ተገላገለ፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል ገሜዳ ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙሮ ነበር።