ከመጽሐፉ ሽፋን የተቆረጠው ሐር

ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ ጠበል ልጠመቅ የመጣሁ በሽተኛ መሰልኳቸው። ከእንፍራንዝ በላይ ባለችው ትንሽ ደብር ግቢ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ነበር። የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ስለነበር ሁለት ጊዜ ሲጠሩኝ አልመለስኩም።

"ምነው ልጄ፣ መናገር ከከለከለሽ ስንት ጊዜው ነው?" አሉኝ መስቀላቸውን እያወጡ። "ጫማሽን አውልቂ። አብሮሽ የመጣ ሰው የለም?"

"አልታመምኩም አባ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት። ቅርስ ልመዘግብ።"

"ከመንግሥት ከሆነስ መታመሙ ይሻልሽ ነበር" አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጊዜው ሰኔ 1971 ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ተመርቄ ጎንደር ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። ሴት ዕቃ ቤት ስለማትገባ ቄሰ ገበዝ ንዋየ ቅድሳቱን አንድ በአንድ እያወጡ በር ላይ ያሳዩኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ አመጡ። ሽፋኑን ሲገልጡት ቆዳው በአራቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በመሃል የቀረው እንጨት በቀይ ሐር ተለብጧል። በሐሩ ላይ በወርቅ ክር የተሠራ፣ የተዘረጋ ማራገቢያ የመሰለ አበባ አለ። እንዲህ ያለ አበባ በመጽሐፍ ፎቶግራፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

"የቱርክ ሥራ ነው" አልኳቸው።

"የቱርክ? እኛ እኮ የእቴጌይቱ ቀሚስ ነው ስንል ነው የኖርነው።"

"ቀሚስም ሊሆን ይችላል። ቱርኮች ምጽዋን ይዘው ከነጋዴው ቀረጥ ይወስዱ ነበር። ነጋዴው ደግሞ በዚያው በር ሐራቸውን እየገዛ ወደ ጎንደር ያመጣል። ቤተ መንግሥቱም የነፍጠኞቹን አለቃ ቱርክ ባሻ እያለ ይሾም ነበር።"

"እየተዋጉም ይገበያዩ ነበር በይኛ" አሉ፤ ሐሩን በጣታቸው ሳይነኩ ብዙ አዩት።

ይህን ሁሉ በመዝገቡ ላይ ጻፍኩ። በጽሑፌም ኮርቼ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ታከለ መዝገቡን ሲያነብ ጠረጴዛውን መታ። ለአብዮት በዓል "የባዕድ ወረራ በታሪካችን" የሚል ኤግዚቢሽን ያዘጋጅ ነበርና ከቱርክ ዘመን የሚያሳየው አንድም ዕቃ አላገኘም። መጽሐፉን በውሰት እንዳመጣ ደብዳቤ ጽፎ መልሶ ላከኝ።

በደብሩ ሥርዓት ዕቃ ያለ ዋስ አይወጣም። ቄሰ ገበዝ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ዋሴ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሌላ ሰው ስላልነበረኝ "እኔው" አልኩ።

"ወሳጇም እሷ፣ ዋሷም እሷ!" አሉ አያ ክንዱ የሚባሉ ሽማግሌ። "የመንግሥት ነገር ሁሉ ባንድ ሰው ያልቃል ማለት ነው?"

ሰዎቹ ሳቁ። ቄሰ ገበዝ ግን አልሳቁም። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ደብር ገበዝ መስቀል ለነጋዴ ሰጡ ተብለው ተባረዋል፤ በእንፍራንዝ ገበያ ሲለምኑ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ይህን እያወቅሁ መስቀሉን ተሳልሜ፣ መጽሐፉን እንዳለ እንደምመልስ ቃል ገባሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ለጓድ ታከለ ያስረከብኩት መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ሽፋኑን ስከፍተው ባዶ እንጨት አየሁ። ምላጩ ከሐሩ አልፎ የቆዳውን ጠርዝ ሳይቀር በልቶታል።

ጓድ ታከለ ቢሮ እየሮጥኩ ገባሁ።

"መጽሐፉ ሃይማኖት ነው" አለኝ ቀና እንኳ ሳይል። "በአብዮት በዓል ላይ የቄስ መጽሐፍ አልዘረጋም። ጨርቁ ግን ታሪክ ነው።"

"በውሰት እኮ ነው ያመጣነው፣ ጓድ ታከለ።"

"ከማን? የሰፊው ሕዝብ ንብረት አይደለም እንዴ? ሰፊው ሕዝብ ከራሱ ይዋሳል?" ሳቀ። ከዚያ ወረቀት ገፋልኝ። "የእጅ ጽሑፍሽ ሸጋ ነው። ይህንን በትልቁ ጻፊልኝ።"

ወረቀቱ "የቱርክ ወራሪዎች ለፊውዳል ነገሥታት የሰጡት ጉቦ። በቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ በፈቃደኝነት የተበረከተ" ይላል።

"ጉቦ ነው የሚል ማስረጃ የለንም" አልኩ። "ቄሰ ገበዝም..."

"ደግሞ ለቱርክ ጠበቃ ልትቆሚ ነው?"

ወረቀቱን አነሳሁ። የቀጠፈው ስለ ሞቱ ነገሥታት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ብዙም አይከብደኝም ነበር። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ግን በሕይወት ያሉትን ሰው ከደብራቸው የሚያስባርር ነበር። እያወቅሁ፣ በሸጋው የእጅ ጽሑፌ፣ ጻፍኩት።

መስከረም ሁለት ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቄሰ ገበዝና አያ ክንዱ መጽሐፋቸውን ሊወስዱ ከእንፍራንዝ መጥተዋል። ሐሩ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። አያ ክንዱ በዚያ ክረምት መሠረተ ትምህርት ገብተው ፊደል ቆጥረዋል፤ ያዩትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው ሳያነቡ አያልፉም። ከመስታወቱ ፊት ቆመው ጣታቸውን እያስከተሉ ጀመሩ።

"በ... ፈ... ቃ... ደ... ኝነት... የተ... በረ... ከተ።" የቄሰ ገበዝንም ስም አነበቡ። ከዚያ ዞር አሉ። "አባ፣ ሰጥተዋል?"

ቄሰ ገበዝ ሐሩን እያዩ ነበር።

"እንዴታ፣ አበርክተዋል!" አለ ጓድ ታከለ ከኋላ። "ሰፊው ሕዝብ ያመሰግናቸዋል።" ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹም አብሮት አጨበጨበ። የተዘረፉት ሰውዬ መሃል ቆመው ይጨበጨብላቸዋል።

"አላበረከቱም" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

"አላበረከቱም! በእኔ ዋስትና ነው ያዋሱን። ከመጽሐፉ ላይ የቆረጠው መሥሪያ ቤታችን ነው። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። ጉቦም አይደለም፤ በንግድ የመጣ ሐር ነው።"

ጭብጨባው ቆመ። ጓድ ታከለ ጆሮዬ ሥር መጥቶ "አብደሻል" አለኝ። አያ ክንዱ ግን ወደ እኔ ዞረው "ሰምቻለሁ። ለደብሩ ሰው እኔው እናገራለሁ" አሉ።

መጽሐፉን ከቢሮ አምጥቼ ለቄሰ ገበዝ አስረከብኩ። ሐሩን ዘበኛው አላስነካንም። በሳምንቱ ከሥራ ታገድኩ፤ ኅዳር ላይ ደባርቅ አንድ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተዛወርኩ። ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ በሹመታቸው ቆዩ።