አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ

የአሮጌው ማተሚያ ቤት አውቶቡስ መቆሚያ ከፈረሰ ከወራት በኋላ በቦታው አበባ በተተከለበት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አንድ ተሳፋሪዎች በልሳኑ ሳሎን ውስጥ ተሰልፈው ተገኙ። ሰልፉ ከመኝታ ቤቱ በር ይጀምርና በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሃል አልፎ ወደ ማድ ቤቱ ይታጠፋል። የሚጋፋ ሰው አልነበረም። የውጭው በር ማታ እንደተቀረቀረ ነው።

ልሳኑ በፒጃማው ወጥቶ አያቸው። በመንገድ ጥናት ቢሮ ውስጥ ተሳፋሪና ተሽከርካሪ በመቁጠር አሥራ ስድስት ዓመት ስለኖረ፣ ከመደንገጡ በፊት ቆጠራቸው።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ።

«አውቶቡስ እየጠበቅን ነው» አሉ ከፊት የቆሙት ሴትዮ።

«ይሄ እኮ ቤት ነው።»

«አይተናል። ደህና ቤት ነው። ግን ወረፋችን እዚህ ነው።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ይባላሉ፤ ስድሳን ያለፉ፣ በሻሽ የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ በሁለት እጃቸው የያዙ ሴት ናቸው። እንደ ሁልጊዜው ከቤታቸው ተነስተው ወደ መቆሚያው ሲሄዱ የደረሱት እዚህ መሆኑን ነገሩት። ልሳኑ ታክሲ ለምን እንዳልያዙ ጠየቃቸው። እሱንም ሞክረውታል፤ ተመልሰው ታክሲ ሊይዙ ሲወጡም የደረሱት እዚሁ ሳሎን ነው።

የልሳኑ ሚስት ስንዱ ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። ሰዎቹን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው፤ እግራቸው ላይ ትንሽ ቆየች።

«ወረፋችሁን ጠብቁ፤ ጫማችሁን ግን አውልቁ» አለች። «ሴራሚኩ ገና አዲስ ነው።»

አሥራ አንዱም አወለቁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ባለመምጣቱ ጫማቸውን አድርገው፣ ነገ እንገናኝ ብለው በውጭው በር ወጡ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ግን መጨረሻ ላይ ቀርተው ምሳ ዕቃውን ለስንዱ ሰጧት። ምግቡ ከሚበላሽ ሰው ይብላው አሉ።

ምግቡ የባላቸው የአቶ መንበሩ ነበር። አቶ መንበሩ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከከተማው ማዶ ካለው ሆስፒታል ተኝተዋል። ከሚስታቸው እጅ ካልሆነ አይበሉም። ነርስም ሞክራለች፣ የአልጋ ጎረቤትም ሞክሯል፤ አፋቸውን ይዘጋሉ። ምግብ የሚገባው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ሲሆን፣ በሩ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የድሮው አውቶቡስ ከማተሚያ ቤቱ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ሆስፒታሉ በር ላይ ያወርዳቸው ነበር። አዲሱ መንገድ ሲሠራ ግን አስፋልቱ ጠበበ፣ የብስክሌት መስመርና ፏፏቴ ገባበት፣ በመጨረሻም አበባው በተተከለበት ሳምንት አውቶቡሱ ዳር ዳሩን ዞሮ ሳይቆም እንዲያልፍ ተደረገ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። ቁጥሩን የጻፈው ልሳኑ ነው።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ነበር። ካፊያ ነበረ። ልሳኑ በጥቁር ጃንጥላ ስር ሆኖ ቅጹን ይዞ መቆሚያው ደረሰ። ቅጹ ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ ሰዓትና ሰው። በመቆሚያው ላይ ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለት ድንጋዮች ግን በመስመር ተደርድረው ነበር፤ የመጀመሪያው ጨርቅ የታሰረበት ቀይ ሸክላ ነው።

የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ያንን ያውቃል። ዝናብ ሲመጣ ወይም እግር ሲዝል፣ ሰው ድንጋዩን በቦታው አስቀምጦ ይጠለላል፤ ድንጋዩን የሚነካበት የለም፣ ድንጋዩ ሰውየው ነው። ልሳኑ ራሱ ልጅነቱን ሙሉ በቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ድንጋይ ሲያስቀምጥ ነው ያደገው። ባለድንጋዮቹም የትም አልሄዱም፤ ማዶ፣ ማተሚያ ቤቱ በረንዳ ስር ነበሩ። መንገዱን ተሻግሮ መቁጠር ብቻ ነበር የቀረው። ግን ጫማው ውሃ አስገብቶ ነበር፣ የሚሄድበት ክርስትናም ነበረ። ከበረንዳው ጫፍ አንድ ሰው እጁን አነሳለት። ልሳኑ ጃንጥላውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ከለለና ዜሮ ብሎ ጻፈ።

ዜሮው ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከኮምፒውተሩ ወደ ንድፍ፣ ከንድፉ ወደ ዶዘር ተላለፈ። መቆሚያው ሲጠረግ ልሳኑ የገልባጭ መኪናውን ሹፌር አንድ ጭነት ድንጋይ ለመነው፤ ሳሎኑ እርጥበት እያስቸገረው ወለሉን ከፍ ሊያደርግ አስቦ ነበር። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፣ እቤቱ ድረስ አምጥቶ ገለበጠለት። ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ሲሚንቶ ፈሰሰበት፣ ሴራሚክ ተለጠፈበት። ስለዚህ ሰዎቹ ለምን እሱ ቤት እንደተሰለፉ ልሳኑ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

ማክሰኞ ወደ አለቃው ወደ ኢንጂነር ፍሬሰንበት ቢሮ ገባ።

«ቤቴ ውስጥ አሥራ አንድ ተሳፋሪዎች አሉ» አለ።

«ቤትህ በመቆሚያነት አልተመዘገበም» አሉ ኢንጂነሩ።

«የአሮጌው ማተሚያ ቤት ተሳፋሪዎች ናቸው።»

«እሱ መቆሚያ ተሳፋሪ የለውም። ዜሮ ነው። ሦስት ሰው ፈርሞበታል።» ኢንጂነሩ ፋይሉን ገልጠው አሳዩት፤ ዜሮው ቀይ ማኅተም ተደርጎበት ተቀምጧል። «ስህተት ካለ ቆጣሪው በጽሑፍ ያመልክት። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ እያወቀ የሐሰት ቁጥር ያስገባ ከሥራ ይሰናበታል። ወረቀት ልስጥህ?»

ልሳኑ ወረቀቱን ተቀበለ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልጻፈበትም።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ባላቸው ትናንት ውሃ ብቻ እንደጠጡ ነገሩት። ሐሙስ ጠዋት ውሃውንም መተዋቸውን ነገሩት። ሲነግሩት ድምፃቸው ላይ ወቀሳ አልነበረም፤ ለጎረቤት ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነበሩ። ልሳኑ ቢሳደቡ ይሻለው ነበር። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ጭኑን ያቃጥለው ጀመር። ሱሪ ቢቀይርም አልተሻለውም።

አርብ ጠዋት፣ ልሳኑ ሰልፉን ታክኮ ወደ መታጠቢያ ቤት ሊያልፍ ሲል፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ እጅጌውን ያዙት።

«ልጄ፣ ያን ቀን አይተንህ ነበር እኮ» አሉ። «ጥቁር ጃንጥላ ይዘህ ነበር።»

ልሳኑ ባለበት ቆመ። «እጅዎን ያነሱልኝ እርስዎ ነበሩ?»

«እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ በየትኛው እጄ? መጨረሻ ላይ የነበረው ሰውዬ ነው።»

ልሳኑ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ዞሮ አየ። ማድ ቤቱ በር ላይ አሥራ አንደኛው ሰው ቆሟል። ከሱ ኋላ የአንድ ሰው ስፋት ያህል ባዶ ቦታ አለ። ሰዎቹ ቦታውን አልነኩትም።

«እሱ እስካሁን አልመጣም» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። «ድንጋዩ ግን አለ።»

«ማነው?»

«አላወቅነውም። ከዚያ ቀን በፊት አይተነው አናውቅም። ብቻ እጁን ካነሳ በኋላ አላወረደውም። ኋላ ላይ አሳዘነን።»

የዚያን ዕለት ማታ ስንዱ እራት ስታቀርብ ለራሷና ለልሳኑ ብቻ አላቀረበችም፤ በመሃላቸው ያን የወይዘሮ ዘነበወርቅን ምሳ ዕቃ አስቀመጠችው። አምስት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ሳይደርስ የቀረ ምግብ እየበሉ መሰንበታቸው ነው።

«ትጽፋለህ ወይስ እኔ ልጻፍልህ?» አለችው።

«ከሥራ እወጣለሁ።»

«እሱን አውቄያለሁ። የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

ልሳኑ ጻፈ። ሦስት መስመር ብቻ ሆነ። «ነሐሴ ዘጠኝ ቀን የጻፍኩት ዜሮ ሐሰት ነው። ሰዎቹ ነበሩ። እያየኋቸው ነው የጻፍኩት።» ከዚያ ዶማ አነሳ። ስንዱ ቆይ ሶፋውን ላንሳ ብላ ሶፋውን ገፋችለት። ሴራሚኩን ሰብሮ ሲሚንቶውን ፈነቀለ። አሥራ ሁለቱን ለመለየት አልተቸገረም፤ የሌሎቹ ድንጋዮች ሲሚንቶ ሲይዛቸው እነዚህን አልያዛቸውም፤ እንደ ቆሙ፣ በመስመራቸው ነበሩ። የመጨረሻውን ሲያነሳ ለእጁ ልክ መሆኑን አስተዋለ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ኢንጂነር ፍሬሰንበት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መልካም» አሉ። «ስንብትህ ከድጋሚ ቆጠራው በኋላ ይጸናል። ቆጠራው ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሰው ከተገኘ አውቶቡሱ በዚያው ዕለት ይመለሳል።»

«ማነው የሚቆጥረው?»

«በመመሪያው መሠረት መጀመሪያ የቆጠረው ሰው።»

«እኔ ሰልፉ ውስጥ መቆም አለብኝ። ባዶ ቦታ አለ።»

ኢንጂነሩ መመሪያውን ገልጠው ተመለከቱ። «ሁለቱን በአንድ ላይ አይከለክልም» አሉ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ልሳኑ ድንጋዮቹን በሁለት ጆንያ አድርጎ፣ አንዱን በትከሻው ሌላውን በጋሪ ሊወስድ ተነሳ። ቅጹና ጃንጥላው በር ኋላ ካለው ማንጠልጠያ ላይ አልነበሩም። ስንዱን ጠየቃት።

«አሁን ይዘሃቸው ወጣህ አይደል እንዴ?» አለች ከመኝታ ቤት፣ እንቅልፍ በያዘው ድምፅ።

ልሳኑ አንዱን ጆንያ ተሸክሞ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

ልሳኑ ድንጋዮቹን በአዲሱ ንጣፍ ላይ ሲደረድር የአበባ ጥበቃው አገኘው።

«ድንጋይ ክልክል ነው» አለ ጥበቃው።

«ድንጋይ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሰው ነው።»

ጥበቃው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየ። «ቆሞ መጠበቅም ክልክል ነው» አለ። ቀጥሎ ግን ቀዩን ሸክላና የታሰረበትን ጨርቅ ሲያይ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ወደ ፏፏቴው መለሰ።

ሰዎቹ በሰዓታቸው መጡ። ዛሬ መንገዳቸው ወደ ሳሎኑ አልወሰዳቸውም። እያንዳንዱ ድንጋዩን አወቀ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከሸክላቸው ኋላ ቆመው ምሳ ዕቃውን ከሻሹ ስር ዳሰሱት፤ ገና ትኩስ ነበር። ማታ ከሆስፒታሉ ሰው ተልኮባቸው ነበር፤ ባላቸው ዛሬ ካልበሉ ነገ ባይመጡም ይሆናል ብሏቸዋል። ይህንንም ያለ ወቀሳ ነገሩት። ልሳኑ፣ «ይመጣል፣ አውቶቡሱ ዛሬ ይመጣል» አላቸው። ከዚያ ወደ መጨረሻው ሄዶ አሥራ ሁለተኛውን ድንጋይ መሬት ላይ አስቀመጠና ከኋላው ቆመ። እግሩ ቦታውን የሚያውቀው መሰለው።

ዝናብ ጀመረ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፣ ዝናቡ ግን የነሐሴ ነበር። ሰዎቹ ድንጋያቸውን ትተው ወደ ማዶ ሮጡ፣ ልሳኑም አብሯቸው ሮጠ። አትሂዱ፣ በዝናቡ እንቁም ሊላቸው አፉን የከፈተው በረንዳው ስር ከደረሱ በኋላ ነው። የማተሚያ ቤቱ በረንዳ ከፈረሰ ወራት አልፎታል፤ ቢሆንም በቦታው ነበር፣ ቆርቆሮውም እንደ ድሮው ያፈስሳል። ስለ በረንዳው የተናገረ የለም። በወረፋቸው ቅደም ተከተል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ልሳኑ ጫፍ ላይ ደረሰው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አንድ ሰው በጥቁር ጃንጥላ ስር ሆኖ መቆሚያው ደረሰ። ቅጽ ይዟል። ግራ ጫማው ውሃ ስላስገባ እግሩን እያነሳ ያራግፋል፤ ለክርስትናው የለበሰው ነጭ ሸሚዝም ይታያል። ድንጋዮቹን አየ። ሰዓቱን አየ።

«መጣ» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከሰልፉ ፊት። «አየን?»

ልሳኑ እጁን አነሳ።

ሰውየው ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልሳኑ ሰውየው የሚያስበውን ሁሉ፣ እስከ ጫማው ቅዝቃዜ ድረስ ያውቀው ነበር። ሊጮህ ፈለገ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ጃንጥላው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፣ ፊቱ ተሸፈነ። ከጃንጥላው በታች እስክሪብቶ የያዘው እጅ ብቻ ይታይ ነበር።

«አየን?» አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ እንደገና።

«አዎ፣ እማማ» አለ ልሳኑ። «አይቶናል።»

እስክሪብቶው አንድ ጊዜ ዞረ፤ ክብ ሠርቶ ከተነሳበት ገጠመ። ሰውየው ቅጹን አጥፎ ብብቱ ስር ከተተና ወደ ክርስትናው ሄደ። አውቶቡሱ ከላይ ታጥፎ መጣ፤ መብራቱን አብርቶ፣ ወንበሮቹ ባዶ ሆነው፣ ዝናብ በሚወርድባቸው አሥራ ሁለት ድንጋዮች አጠገብ ሳይቆም አለፈ። ልሳኑ እጁን አላወረደም።