የመስኮቱ ወገን

«ኧረ ያንን ብርጭቆ ከጫፉ አንሺው የኔ ልጅ፣ ሊፈስ ነው» አለች አክስቷ።

እውነትም ሻዩ ወደ መስኮቱ አዘንብሏል። ለቅሶ ደራሽ ስለበዛ የታላቅ ወንድሟ የቴኒስ ጠረጴዛ መረቡ ወልቆ የሻይ ማቅረቢያ ሆኗል። አናጢ ነበር፤ ጠረጴዛውን በገዛ እጁ ነው የሠራው። ልቡ ድንገት ቆሞ የሞተውም እንጨት በሚሠራበት ቤት ውስጥ፣ መጋዙን እንደያዘ ነው።

በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«የታመመችው እሷ፣ የሞተው እሱ። ምን ይባላል?»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። እሷም ከቀብሩ ጀምሮ ለራሷ ይህንኑ ስትል ነው የሰነበተችው።

ለጡት ካንሰሩ ቀዶ ጥገና ካደረገች በኋላ ቀኝ እጇ ማበጠሪያ ማንሳት እንኳን አቅቶት ነበር። የምትጫወትበትን የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ ተወችው፤ ራኬቷን አልጋ ስር ወረወረችው። ወንድሟ አልመከራትም፣ አልተቆጣትም። አንድ ቀን ሶፋውን ኮሪደር ላይ አውጥቶ ይህን ጠረጴዛ ሳሎኑ መሀል ገተረው። እናታቸው «እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?» ብትለው፣ «እንግዳማ ቆሞ ጨዋታ ይይ» አላት።

መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምትመታው። «አዝኖልኝ ነጥብ ይሰጠኛል ብለሽ እንዳታስቢ» ይላታል ከመስኮቱ በኩል። ሁልጊዜ ከመስኮቱ በኩል ነው። ቦታ እንቀያየር ስትለው «ተይኝ፣ ጀርባዬን ፀሐይ ይምታው» ይላል። በንዴት እጇ ከቀን ወደ ቀን ከፍ አለ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ሰንበት ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈችው፤ በዚያው ስሜት ለክለቡ ደውላ ለውድድር ተመዘገበች። ውድድሩ ነገ ነው።

ብርጭቆውን አንስታ የጠረጴዛውን ጫፍ በመዳፏ ዳሰሰችው። ጣውላው ሰርጉዷል። መስኮቱ ላይ የቀረችውን ኳስ አንስታ እዚያው ላይ ለቀቀቻት። ኳሷ በመንጠር ፈንታ ሸርተት ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

አናጢ ይህን ሳያውቅ ይቀራል? አውቆ ነው እንጂ። አላዝንልሽም እያለ ያንን ሁሉ ጊዜ መጥፎውን ወገን ይዞላት ኖሯል። ንዴት ያዛት። ያሸነፈችው እሷ ነች ወይስ ጠረጴዛው?

«ውሸታም» አለች ድምፅ አውጥታ። ጎረቤቶቹ ዘወር ብለው አዩአት።

አመሻሽ ላይ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ የክለብ ጓደኛዋ ረጅሟ መጣች። አቅፋት ብዙ ቆየችና «ነገ አትመጣም ብዬ ለአሰልጣኙ ልንገረው?» አለቻት። «ማንም አይቀየምሽም እኮ።»

«ቆይ፣ አሁን እነግርሻለሁ።»

ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች። እናቷ ስታያት ቆይታ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ መረቡን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አንዱን ጫፍ ያዘችላት።

ረጅሟ የወንድምየውን ራኬት ተቀብላ ወደ መስኮቱ በኩል ዞረች።

«እዚያ አይደለም። ያ የኔ ነው።»

እህትየዋ ራሷ ዞራ ሄዳ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጠች። ራኬቷን የያዘውን ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣች።

«ምቺ» አለች። «እንዳታዝኝልኝ።»